የፍል ውኃ ተራ

ውኃ በምንጃርና ሸንኮራ ሰው ዘንድ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። የሰሜን ሸዋ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት ጠርዝ ላይ የተዘረጋው ይህ አገር፣ ጤፉ፣ ሽምብራውና ምስሩ በየገበያው ስሙን የሚያስጠሩለት ቢሆንም፣ ከክረምቱ ዝናብ በቀር በቅርብ የሚቀዳ ውኃ የሌለው መንደር የበዛበት ነው። የከሰም ወንዝ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ወደ አዋሽ ይወርዳል እንጂ ሽቅብ ወጥቶ ማሳ አያጠጣም። ስለዚህም ገበሬው በቅርብ ዐሥርተ ዓመታት በየጓሮው ጉድጓድ ቈፍሮ፣ ወለሉን ፕላስቲክ አልብሶ የክረምቱን ጎርፍ ማጠራቀምን፣ በዚያው ውኃ የሽንኩርት ችግኝ ማፍላትን ተምሯል። በወረዳው ዋና ከተማ በአረርቲም ቢሆን፣ በቦኖው አጠገብ የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች የሰው ቦታ ይዘው ሲጠብቁ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ጀሪካኑ የባለቤቱ እንደራሴ ነው። ባለቤቱ ገበያ ውሎ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ቢመለስ እንኳ ተራው በጀሪካኑ ስም ተጠብቆ ይቈየዋል።

«ተራ» የሚለው ቃል እንግዲህ በዚህ አገር ከውኃ ጋር ተቈራኝቶ ይኖራል። ይሁን እንጂ ውኃ ለመጠጥና ለችግኝ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በዚሁ ወረዳ በሸንኮራ በኩል ያለው የሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ዝናው ከሰሜን ሸዋ አልፎ በሩቁ የተሰማ በመሆኑ፣ ሕመምተኛ የያዙ ቤተ ዘመዶች፣ ስእለት ያለባቸው እናቶችና በእግራቸው ለመሳለም የተነሡ ሽማግሌዎች ከየአቅጣጫው ይመጡበታል። የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል በሚከበርባቸው በመስከረም 2 እና በሰኔ 30 ደግሞ ሰው ከወትሮው ይበዛል። ውኃው የተሰየመው በዮርዳኖስ ባጠመቀው ሰው ስም መሆኑ ለምእመኑ ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው ነገር አይደለም።

ጠበልተኛ የሆነ ሰው ሥርዐት አለው። እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ ይቆማሉ። ካህኑ ጸሎቱን አድርሶ በመስቀሉ ከባረከ በኋላ፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ልብሱን አውልቆ ወይም በስስ ነጠላ ተሸፍኖ ከውኃው በታች ይገባል። የደጋው ንጋት ብርድ ከውኃው ጋር ተባብሮ ትንፋሽ ሲያሳጥር፣ ከፊቱ የነበረው ሰው «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎት ያልፋል። የማያውቀው ሰው ነው፤ ምናልባትም ከቶ አያየውም። አንዳንዱ ሰባት ቀን፣ አንዳንዱ ሁለት ሱባኤ ቈይቶ ይመለሳል። ሊመጣ ያልቻለ ሕመምተኛ በቤቱ ያለው ደግሞ ጠበሉን በጀሪካን ያስመጣል። በከተማው ቦኖ ተሰልፎ የነበረው ቢጫ ዕቃ እዚህ ሲደርስ የተቀደሰ ነገር ተሸካሚ ይሆናል።

ጠበል አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ምንጭ ነው። ነገር ግን ከምንጃር ጠርዝ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ያለው ውኃ ጠባዩ ሌላ ነው። እዚያ የምድር ቅርፊት የሳሳ በመሆኑ፣ ወደ ውስጥ የሰረገው የዝናብና የወንዝ ውኃ ከጋለው ዐለት ጋር ተገናኝቶ፣ በስንጥቁ በኩል እየፈላ ወደ ላይ ይመለሳል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል ዘንባባ ከቦት የሚታየው ሰማያዊ ፍል ውኃ፣ ከአዳማ በታች በአዋሽ ዳር ያለው ሶደሬ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ወንዶ ገነት ሁሉም የዚሁ ስንጥቅ ልጆች ናቸው። ወደ ሰሜን ቢሄዱም ከጣና ደቡብ ምሥራቅ የዋንዛዬ ፍል ውኃ አለ። አርብቶ አደሩ ከብቱን፣ ገበሬው የሚቈረጥም ጉልበቱን፣ ነጋዴው የመንገድ ድካሙን ይዞ ወደነዚህ ሥፍራዎች ሲሄድ የኖረው፣ ሐኪምም ሆነ አስጎብኚ ሳይነግረው ነው።

የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ራሷ የፍል ውኃ ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቦታው ኦሮሞዎች ፊንፊኔ እያሉ የሚኖሩበት፣ ከብታቸውንም የሚያጠጡበት ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገና በእንጦጦ ብርድ ላይ ሳለ፣ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ለመታጠብ ወደ ፍል ውኃው መውረድን አዘወተሩ። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራበት፤ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። ገላ ለመታጠብ በተወረደበት ሥፍራ ከተማ ሲቈረቈር፣ ቀድሞ በውኃው ዳር የነበረው ሕዝብ ምን እንደ ሆነ የታሪክ ተማሪ ሊያልፈው የማይገባ ጥያቄ ነው። ውኃ የጋራ ነው ሲባል «የእነማን የጋራ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ አብሮ ይነሣልና።

ዛሬ የአዲስ አበባው ፍል ውኃ በጉድጓድ ተስቦ፣ በቧንቧ ተመርቶ፣ በየክፍሉ ለከፈለው ሰው ይታደላል። ተራ እዚህም አለ፤ ነገር ግን ተራው በቲኬት ነው። ሰውየው ቁጥሩ ሲጠራ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ብቻውን ይታጠባል፣ ይወጣል። ገላው ይሞቃል፤ ጎኑ የሚቈረጥመው አረጋዊ በእውነት ይሻለዋል። ከበሩ ውጪ ባለው አግዳሚ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ግን ምንም እንኳ የሚጠብቁት አንድ ውኃ ቢሆን፣ ተሳፋሪዎች እንጂ ባልንጀሮች አይደሉም። ይህን ለማለት የሚያበቃው በዓለም ላይ ሌላ ዐይነት ሥርዐትም ስላለ ነው።

ያን ሥርዐት ለማየት ወደ ጃፓን መሻገር ያስፈልጋል። ለሸዋ ሰው ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ አገር ተልከው፣ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለአንባቢ አቅርበዋል። በዚያ ዘመን ጃፓን ለኢትዮጵያ ምሁራን የዕድገት መስታወት ነበረች፤ የሚፈለገውም መርከቧ፣ ፋብሪካዋና ሕገ መንግሥቷ ነበር። የገጠር መታጠቢያዋን የመረመረ ብዙ ሰው አልነበረም። የታሪክ አጋጣሚ ሆኖ ኅሩይ ራሳቸው ከፋሺስት ወረራ በኋላ በስደት ሳሉ፣ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ያረፉት ባዝ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ነው። ባዝ ማለት መታጠቢያ ማለት ነው። ሮማውያን መታጠቢያ የሠሩባት፣ 46 ዲግሪ ሙቀት ያለው ምንጭ ከምድር የሚወጣባት፣ ንጉሠ ነገሥቱም የስደት ዓመታቸውን ያሳለፉባት ከተማ ናት። የፊንፊኔን ፍል ውኃ ትቶ የተሰደደ ቤተ መንግሥት ሌላ ፍል ውኃ ዳር ማረፉ እንዲያው ደርሶ የሆነ ነገር ነው፤ ቢሆንም ሊረሳ የሚችል አይደለም።

በጃፓን መካከለኛ ደጋ፣ ናጋኖ በሚባለው ክፍለ አገር፣ ኖዛዋ ኦንሰን የሚባል መንደር አለ። «ኦንሰን» ማለት ፍል ውኃ ነው። የነዋሪው ቁጥር ከ4,000 አይበልጥም፤ ከአንዲት መካከለኛ የምንጃር ገበያ ቀን ሕዝብ ያነሰ ነው። ከበላዩ ያለው ኬናሺ ተራራ ከፍታው ወደ 1,650 ሜትር ሲሆን፣ ክረምት በገባ ቁጥር ቤት የሚውጥ በረዶ ይጫነዋል። የሰሜን ሸዋ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ደብረ ብርሃን ከዚያ ተራራ ጫፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ይበልጣልና! ደብረ ብርሃን ውርጩ ሣር ያቃጥላል፣ ባቄላ ያጨልማል እንጂ በረዶ በመንገዷ ላይ ሲከመር አይታይም። ምክንያቱ ከፍታ ብቻ አለመሆኑ ነው። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ አጠገብ ስትሆን፣ ኖዛዋ ወደ 37 ዲግሪ ሰሜን ላይ ይገኛል፤ ከሳይቤሪያ የሚነሣው ደረቅና ብርቱ ብርድ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እንፋሎት ጠጥቶ ይመጣና፣ ከነዚህ ተራሮች ጋር ሲጋጭ ሸክሙን በበረዶ መልክ ያራግፋል።

ይህን በአረርቲ ለሚማር ልጅ ማስረዳት የመምህሩን ቋንቋ ይፈትናል። አማርኛ «በረዶ» ሲል ጣሪያ የሚደበድበውንና ሰብል የሚያወድመውን ፍሬም፣ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚወርደውንም በአንድ ስም ይጠራል። «አመዳይ» የሚል ቃል አለ፤ የሚያውቀው ግን ደገኛው ነው። ለምንጃር ገበሬ በረዶ ጠላት ነው፤ ጤፉ ሊታጨድ ሲል ከመጣ የዓመት ልፋት በሩብ ሰዓት ይረግፋል። ስለዚህ ሰዎች በበረዶ ላይ እንጨት ተጫምተው ይንሸራተታሉ፣ ይደሰታሉም ቢባል ተማሪው ቢስቅ አይፈረድበትም። በክረምት በጭቃ ቁልቁለት ላይ ሸርተቴ የሚጫወተው ልጅ ግን ነገሩን ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል።

በጃፓንም ቢሆን የበረዶ ሸርተቴ ከጥንት የወረደ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1911 ቴዎዶር ፎን ሌርኽ የተባለ የኦስትሪያ መኰንን ታካዳ በተባለች ከተማ ለጃፓን ወታደሮች ሸርተቴን አስተማረ፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ወደ ተራራ መንደሮች ተዛመተ። ኖዛዋ እ.ኤ.አ. በ1923 የሸርተቴ ክበብ መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ ስመ ጥሩው የኦስትሪያ አሠልጣኝ ሐነስ ሽናይደር ጃፓንን ጐበኘ። ኖዛዋም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ እርሱ ካስተማረባት ከሳንክት አንቶን ጋር የእኅትማማችነት ውል አሰረ። እ.ኤ.አ. በ1998 የክረምት ኦሊምፒክ በናጋኖ ሲካሄድ፣ ሸርተቴና ተኩስ የተጣመሩበት ውድድር የተደረገው በዚሁ መንደር ነው። ለዘመናት መንገድ ዘግቶ፣ ጣሪያ ሰብሮ፣ ገበሬውን አምስት ወር ቤቱ ያሰረው በረዶ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እንጀራ ሆነ። ጎርፉን በጓሮው ጉድጓድ ይዞ ሽንኩርት ያደረገው የምንጃር ገበሬ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ኢትዮጵያም በዚህ ስፖርት ጨርሶ ባይተዋር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒኮች ሮቤል ተክለማርያም በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል፤ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ይህ ወጣት፣ በረዶ በሌለበት በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ጎማ በተገጠመለት ሸርተቴ ሲለማመድ ያዩት መንገደኞች ምን ብለው እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። የሜዳሊያ ነገር ሩቅ ነበር። ይሁን እንጂ በሩጫ የምትታወቅ አገር ልጅ በበረዶ ላይ ባንዲራዋን ይዞ መታየቱ ለስፖርት ታሪክ ጸሐፊ አንድ ገጽ ነው።

ወደ መንደሩ መመለስ ይሻላል፤ የሸርተቴው ጨዋታ ሲያልቅ ሰው የሚሄደው ወደ ውኃው ነውና። በኖዛዋ 13 የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች አሉ። በእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ናቸው፤ የወንድና የሴት በር ለየብቻ ነው። የሚገባው ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ ልብሱን በመደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያም ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ገላውን አጥርቶ ይታጠባል። ይህ ሕግ የማይጣስ ነው፤ የጋራ በሆነው ውኃ ውስጥ የራስን እድፍ ይዞ መግባት ነውር ነው። ውኃው እጅግ የሚያቃጥል በመሆኑ እንግዳ ሰው እግሩን ነክሮ መልሶ ሲያወጣ፣ ሽማግሌዎቹ እስከ አንገታቸው ተነክረው ይመለከቱታል። ገበሬው፣ ባለ ሱቁ፣ የሸርተቴ አሠልጣኙ፣ ጡረተኛው መምህር ሁሉም በአንድ ገንዳ ውስጥ ናቸው። ሹሙን ከተራው ሰው የሚለይ ልብስ በመደርደሪያው ላይ ቀርቷል።

የመግቢያ ዋጋ የለም። በበሩ ላይ ትንሽ የምጽዋት ሣጥን አለ፤ የፈለገ ሳንቲም ይጥላል። እንግዲህ ሥራ የለመደ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «ማን ያጸዳዋል?» ብሎ ነው። መልሱ የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው። እያንዳንዱን መታጠቢያ የሚጠብቀው በአካባቢው ያሉ ቤተሰቦች የመሠረቱት ማኅበር ሲሆን፣ ስሙም «ዩ ናካማ» ይባላል። «ዩ» ፍል ውኃ፣ «ናካማ» ደግሞ ባልንጀራ ማለት ነው፤ «የፍል ውኃ ጓዶች» ቢባልም ከትርጉሙ አይርቅም። አባላቱ መዋጮ ያዋጣሉ፤ ገንዳውን የመፈተግ፣ ወለሉን የመጥረግ ሥራም ከቤት ወደ ቤት በተራ ይዞራል። በአረርቲ ቦኖ፣ በሸንኮራ ጠበል፣ በአዲስ አበባው ፍል ውኃ ተራ ማለት ለማግኘት መጠበቅ ነው። በኖዛዋ ለመታጠብ የሚጠበቅ ተራ የለም። ተራ የሚጠበቀው ለማጽዳት ነው።

አንባቢ ይህን ሲሰማ የጃፓን ልዩ ጠባይ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። ይህ ግን የቸኰለ ፍርድ ነው። የሸዋ ገበሬ ይህንን ሥርዐት በሌላ ስም ጠንቅቆ ያውቀዋል። የጽዋ ማኅበር ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ በዚህ ወር የጠጣው በሚቀጥለው ይደግሳል። ሰንበቴው ተራ አለው። ወንፈል ማለት ዛሬ በአንተ ማሳ፣ ነገ በእኔ ማሳ ማለት ነው። ዕድር ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱንና አግዳሚ ወንበሩን የሚጠብቅ ሰው በተራም ሆነ በምርጫ ይመድባል። የጎደለው ልማዱ አይደለም፤ ልማዱ ወደ ውኃው አልተሻገረም። ድንኳኑ «የእኛ» ሲባል ምንጩ «የደብሩ» ወይም «የመንግሥት» ወይም «የባለ ሀብቱ» ይባላል። በዚህም የተነሣ ሰው ለዕድሩ ብረት ድስት የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለምንጩ አያደርግም።

ውጤቱን ማንም የተጓዘ ሰው ያየዋል። በብዙ ጠበልና ፍል ውኃ ሥፍራዎች የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የተጣለ ካልሲ፣ የሳሙና ወረቀትና አሮጌ ነጠላ በውኃው መውረጃ ላይ ተከማችቶ ይገኛል። የመጣው ሰው ሁሉ ንጹሕ ለመሆን የመጣ ነው፤ ታጥቦም ይሄዳል። እድፉ ግን እዚያው ይቀራል። በሌላ በኩል ደግሞ ፍል ውኃው ታጥሮ፣ ተነጥፎ፣ ዋና መዋኛ ተሠርቶለት ንጽሕናው ሲጠበቅ፣ ጎረቤቱ ገበሬ ወይም አርብቶ አደር ከአጥሩ ውጪ ይቀራል። ለሰፊው ሕዝብ የቀረቡለት ሁለት አማራጮች እነዚህ ብቻ ናቸው ብሎ መቀበል ግን አሳዛኝ ነው።

ስለ ፈውስም አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በውኃ የሚታመን ሰው ሁሉ ከሳይንስ ጋር ጠብ ያለው አድርጎ የሚያይ ካድሬም መምህርም በየዘመኑ ታይቷል። ነገሩ እንዲያ የቀለለ አይደለም። የኤድስ ሕመም በበረታበት ጊዜ ብዙ ሰው ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ሲጎርፍ፣ መድኃኒቱን ያቆመም ነበር፤ በዚህም ሕይወት ጠፍቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል ሲናገሩ፣ ብዙ ሐኪሞች ያልቻሉትን ሥራ ሠሩ። ጃፓኖች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጡት ሕግ፣ ከምንጩ ሲወጣ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚሞቅ ወይም በሕጉ የተዘረዘሩት ማዕድናት በበቂ መጠን ያሉበት ውኃ «ኦንሰን» እንዲባል ደነገጉ። ይህም ማለት ማዕድን ካለበት ቀዝቃዛ ምንጭም ስሙን ያገኛል ማለት ነው። በመታጠቢያው በር ላይ የማዕድኑ ዝርዝር ተጽፎ ይለጠፋል፤ ከዚያው አጠገብ ደግሞ ምንጩን ቆስሎ የመጣ ድብ እንዳገኘው የሚናገር ተረት ይነገራል። በኖዛዋ ካሉት መታጠቢያዎች አንዱ የድብ ስም አለው። ዝርዝሩ ተረቱን አላባረረውም።

ውኃው ለመታጠብ ብቻ አይደለም። በመንደሩ አናት ላይ «ኦጋማ» የሚባል፣ ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ የሚደርስ ምንጭ አለ፤ እንግዳ እንዳይገባ የተከለከለ ሲሆን፣ የመንደሩ እናቶች ጎመን መሰል የሆነውን የአገሩን ቅጠልና ዕንቁላሉን ይቀቅሉበታል። በወንዶ ገነትም ሰዎች በቆሎና ድንች በፍል ውኃው ሲቀቅሉ የሚያይ መንገደኛ፣ የሰው ልጅ አእምሮ በሁለት የምድር ጫፍ እንዴት አንድ ነገር እንደሚያስብ ይገረማል። በጥር ወርም እንዲሁ፣ ከጥምቀት አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ የኖዛዋ ወንዶች ታላቅ የእሳት በዓል ያከብራሉ። ዕድሜያቸው 25 እና 42 የሞላቸው ወንዶች በእንጨት የተሠራውን ከፍ ያለ ማማ ከችቦ ይከላከላሉ፤ የቀሩት ችቦ ይዘው ይመጡባቸዋል፤ በመጨረሻ ማማው ይነዳል። ደመራ ለለኮሰ ሕዝብ ይህም ባይተዋር አይሆንበትም።

ለኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ የካዋባታ ያሱናሪ ስም ሊነሣለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1968 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ይህ ደራሲ፣ «የበረዶ አገር» በተባለው ልብ ወለዱ በኒጋታ ክፍለ አገር በምትገኝ የፍል ውኃ ከተማ የነበረውን ሕይወት ጽፏል። የጻፈው ስለ ውኃው ፈዋሽነት አይደለም፤ ለእረፍት ስለሚመጣው ሀብታም እንግዳና እርሱን ለማስደሰት ስለምትኖረው የከተማዋ ሴት ነው። ፍል ውኃ ባለበት ሁሉ ይህ ሁለተኛው ታሪክ አብሮ አለ። ሶደሬን ወይም ፍል ውኃን የሚስል ሠዓሊ፣ ስለ ጠበል ሥፍራ ድራማ የሚጽፍ ደራሲ እንፋሎቱንና ዘንባባውን ብቻ ሥሎ ቢመለስ ግማሹን ትቶት ነው የመጣው። ጎጆ ለጠበልተኛ የምታከራየው መበለት፣ ጀሪካን ተሸክሞ ሽቅብ የሚወጣው ልጅ፣ ሕመምተኛ ልጇን በጀርባዋ አዝላ የመጣችው እናት ሥዕሉ ውስጥ የሉም።

ፍል ውኃ የተሰጠ ነገር ቢመስልም ዘላለማዊ አይደለም። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። በታኅሣሥ መጨረሻ በዶፈን አጠገብ ምድር ተሰንጥቆ እንፋሎትና ጭቃ ተፈናጠረ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ቀያቸውን ለቀው ሄዱ። ከምንጃር ጠርዝ ቁልቁል የሚታየው ሜዳ ከሥሩ ምን እንደሚያፈላ በዚያ ወቅት ለሁሉ ግልጽ ሆነ። እንዲህ ያለ ንቅናቄ የምንጭን መንገድ ሊዘጋ፣ አዲስ መንገድም ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ በየወረዳው ያሉ የባህል ሠራተኞችና መምህራን የምንጮቹን ስም፣ ቀድሞ የጠበቃቸውን ጎሣ ወይም ደብር፣ በዳራቸው የሚዘፈነውን ዘፈንና የመታጠቢያውን ሥርዐት ከሽማግሌዎች አፍ ቢመዘግቡ የነገ ሥራ ተብሎ የሚተው አይደለም። የአረርቲ ተማሪዎች በሸንኮራ ዮሐንስ መንገድ ላይ ብቻ የሚያገኙት መረጃ ለአንድ የትምህርት ዘመን ይበቃቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ የሚመዘገብ ሰው አለ። በብዙ ጠበል ሥፍራ፣ የንጋቱ ጥምቀት አብቅቶ ካህኑ መስቀሉን ይዞ ሲመለስ፣ ሕዝቡም እርጥብ ነጠላውን እየጨመቀ ወደ መንገዱ ሲያቀና፣ አንዲት አሮጊት እናት ትቀራለች። የቅጠል መጥረጊያዋን ይዛ ድንጋዩን ትጠርጋለች፣ የተጣለውን ጨርቅ ትለቅማለች፣ የውኃውን መውረጃ በእጇ ትከፍታለች። ማኅበር የላትም፤ ከፋይም የለባትም። ከጨረሰች በኋላ መጥረጊያዋን በግንቡ ጥግ አቁማ ትሄዳለች፤ በማግሥቱም እዚያው ታገኘዋለች።